ጠላን ከሃምሳ ስንት?

ቢራ መቅመስ በሰለጠነው ዓለም የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ሙያ ከሆነ ሰነባብቷል። አሜሪካኖች በ1985 እ.ኤ.አ. የቢራ ዳኞችን ፈትኖ ማዕረግ የሚሰጥ ድርጅት አቋቁመዋል። ዳኛው ፊት ቅጽ ይቀርባል። ለሽታው 12፣ ለመልኩ 3፣ ለጣዕሙ 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለጠቅላላ ፍርዱ ደግሞ 10 ነጥብ፤ ድምሩ 50 ይመጣል። ብዙዎች ይህንኑ ቅጽ ቤታቸው ወስደው፣ ጠረጴዛ ላይ አምስት ስድስት ዓይነት ቢራ ደርድረው፣ እየተጎነጩ ነጥብ ይሰጣሉ። ለመልኩ 3 ብቻ መመደባቸውን እኔ ወድጄላቸዋለሁ። በዚህች ዓለም መልክ ከሃምሳ ሦስት ብቻ የሚያዝለት ሌላ ነገር መኖሩን እንጃ።

እንግዲህ ይህ ቅጽ ደሴ ቢመጣስ? ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ቢገባስ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ እኛ ዘንድ ቀማሽ ማን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል።

በእኛ አገር ቀማሽነት የጀመረው ከፍርሃት ነው። በመኳንንቱ ቤት ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከማቀበሉ በፊት ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ፉት ይላል። መርዝ አለመኖሩን በራሱ ነፍስ መመስከሩ ነው። ወደ አገራችን የዘለቁ የውጭ ተጓዦች ይህንን ልማድ እየተገረሙ ጽፈውታል። እያደር ታዲያ ልማዱ ከአደባባይ ወደ ተራው ሰው ጓዳ ወረደና ፍርሃቱን ጥሎ ወግ ብቻ ሆኖ ቀረ። ባለቤቲቱ ከመቅዳቷ በፊት እሷው ቀመስ ታደርጋለች። ዛሬ ይህን የምታደርግ እናት መርዝ ትዝም አይላት። «እኔ ያልወደድኩትን ለእናንተ አላቀርብም» ማለቷ ነው።

ደሴ ላይ ግብር ሲነሳ አይጠየፍን መዝለል አይቻልም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙ ራሱ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። ሰውዬው መሐመድ አሊ ተብለው አድገው፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ሚካኤል የተባሉ፣ ኋላም በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ የተባሉ ናቸው። ግዛታቸው እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶ የሚኖርበት ነውና አዳራሹ ይህንን ስም መያዙ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ፣ በዚያ ዘመን የአገራችን ግብር ላይ መጠጥ የሚከፋፈለው በማዕረግ ነበር። የነጠረው ጠጅ ለመኳንንቱ፣ ቀጠን ያለው ከእነሱ ዝቅ ላሉት፣ ጠላው ለጭፍራው። ያኔ ነጥብ የሚሰጠው ለጠጪው ነበር ብንል አላጋነንንም።

ወደ ጠላው እንመለስ። የጠላ ነገር ከጋኑ ይጀምራል። ጋኑ እንደ ግራዋ ባለ ቅጠል ታሽቶ ይታጠብና በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ ከውሃ ጋር ገብቶ ይጠነሰሳል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ብቅሉ ይጨመራል፤ ቂጣ ተጋግሮ እየተቆራረሰ ይገባበታል። ከዚያ ተራው የእንኩሮ ነው፤ ዱቄቱ በውሃ ራስ ራስ ተደርጎ ምጣድ ላይ ይታመሳል። የጠላው መልክ ዳማ ይሁን ጥቁር የሚወሰነው እዚያች ምጣድ ላይ ነው፤ ደቂቃውን የሚያውቀው የሴትየዋ አፍንጫ ብቻ ነው። ድፍድፉ ከሰነበተ በኋላ ውሃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይታሸጋል። ሲከፈት ቀድሞ የሚቀዳው ደፍረስ ያለው ጉሽ ነው፤ ቀጥሎ የጠለለው፤ መጨረሻ ላይ ውሃ ተደግሞበት ቅራሪው። ከሥር የሚቀረው አተላ ለከብት ይሆናል። በከተማ ደግሞ ወፈር አድርገው ጠምቀው በጨርቅ የሚያጠሉት ፊልተር ጠላ አለ፤ እሱ ጉልበቱ ሌላ ነው። ልብ በሉ፤ እስካሁን ከአንድ ጋን ስንት ስም ወጣ?

በሱመሮች አገር የተገኘ፣ 3800 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሸክላ ጽሑፍ አለ፤ ኒንካሲ ለተባለች የቢራ አምላክ የቀረበ ውዳሴ ነው። ባፒር ስለሚባል ነገር ይናገራል። ብዙ ሊቃውንት ተጋግሮ ከብቅል ጋር ውሃ ውስጥ የሚገባ የዳቦ ዓይነት ነው ይሉታል። በ1989 እ.ኤ.አ. የሳንፍራንሲስኮው አንከር ቢራ ፋብሪካ ይህንን ጥንታዊ ቢራ እንደገና ለመጥመቅ ከምሁራን ጋር ተማክሮ ብዙ ደክሟል። ኧረ ምን አደከማቸው! ቂጣ ቆራርሶ ከብቅል ጋር ጋን ውስጥ መጨመር ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ለምትኖር ሴት ጥናት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። ነገር ግን መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ከስድስት መቶ ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይወርዳል። ላይ ጦሳ ሥር ብርድ ነው፣ ገብስ ነው። ታች ቃሉ ሙቀት ነው፣ ማሽላ ነው። እህሉ ሲለወጥ ጠላው ይለወጣል። በብርዱ አገር ጋኑ ቀስ ብሎ ነው የሚፈላው፤ በሙቀቱ አገር ይፈጥናል፤ ካልተጠጣም ቶሎ ይኮመጥጣል። የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ «ጠላችሁ ይቸኩላል» ቢል፣ የኮምቦልቻውም «የእናንተው ያንቀላፋል» ብሎ ቢመልስለት ሁለቱም ልክ ናቸው። ፈረንጅ ይህንኑ ነገር በወይን ላይ ሲያየው ትልቅ መጽሐፍ ይጽፍበታል።

ወሎን ወሎ የሚያሰኘው ደግሞ ከጋኑ ጎን የሚቀመጠው ሌላው እንስራ ነው። ቀሪቦ ማለቴ ነው። ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠላል፣ ስኳርና ጥቂት እርሾ ገብቶበት ያድራል። በማግስቱ ለእስላሙ እንግዳ ይቀርባል። መልኩን ብቻ አይቶ ከጠላ የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። ሠርግ የደገሰ ክርስቲያን ለጎረቤቶቹ ሥጋውን በእነሱ እጅ አሳርዶ ለብቻ እንደሚያሰናዳው ሁሉ መጠጡንም ለብቻ ያሰናዳል፤ ማንም ባዶ ብርጭቆ ይዞ እንዲቀመጥ አይፈለግም። ሐረር ቢራ ፋብሪካ ሶፊ የተባለውን አልኮል አልባ የብቅል መጠጥ ሲያወጣ እንደ አዲስ ነገር ተወራለት። የወሎ እናቶች ግን መፍትሔውን ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር።

ጠርሙሱ በኋላ ነው የመጣው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ አዲስ አበባ ውስጥ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ። ጣሊያኖች ከአስመራ ደሴን አልፎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ሠሩ፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ደግሞ አስመራ ላይ የመሎቲ ቢራ ፋብሪካ ተከፈተ። ደሴ የቆመችው ከሁለቱ ፋብሪካዎች መሐል፣ በአንዱ ጎዳና ላይ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ባቲና አሰብ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። የሾፌር ከተማ ናት ማለት ነው፤ ሾፌር ባለበት ሁሉ ደግሞ ቢራ አይጠፋም። ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ ተከታተሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በቢጂአይ ስም ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ከፈተ፤ ጊዮርጊስንም ከመንግሥት ገዛ። በዚያው ሰሞን አካባቢ ባቲ የሚል ስም ያለው ቢራም ወጥቶ ነበር። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች፣ ስሟን ለአንደኛው የሙዚቃ ቅኝታችን የሰጠች፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነ ከተማ ናት። ቢራው ላይ ስሟን ያዋሰችው ተጠይቃ ይሁን ሳትጠየቅ እኔ አልገባበትም። ሰማዕቱ ጊዮርጊስም አልተጠየቀም።

ችግሩ ወዲህ ነው። የቢራን ዓይነቶች በመደብ በመደብ ከፋፍሎ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ማይክል ጃክሰን (ዘፋኙ አይደለም) በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ብዙ ዓይነት ቢራ ይዘረዝራል። እኛ አገር በጠርሙስ የሚሸጠው ግን ከጥቂቱ በቀር አንድ ዓይነት ነው፤ ብሩህ መልክ ያለው ላገር። እንደ ሐኪም ስታውት ወይም እንደ አምበር ያሉት ለየት ብለው የወጡ ናቸው። ታዲያ ይህ ሁሉ «የእኔ ቢራ» «የእኔ ቢራ» ከየት መጣ?

በ1964 እ.ኤ.አ. አሊሰንና ኡል የተባሉ አሜሪካውያን አጥኚዎች ለጠጪዎች ቢራ ያለ ምልክት እየሰጡ አስመዘኗቸው። ጠጪዎቹ የሚምሉበትን ቢራ ከሌላው መለየት አልቻሉም። ምልክቱ ተለጥፎ እንደገና ሲሰጣቸው ግን ነጥቡ ወዲያው ከፍ አለ፤ በተለይም ለየራሳቸው ቢራ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ደሴ አንድ ወዳጄ ቤት አራት ዓይነት ቢራ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን ቀዳን። ስማቸውን አልጠራም። «ከእሱ በቀር ጉሮሮዬ አይወርድም» የሚለው ወዳጃችን ለራሱ ቢራ ከአራቱ ትንሹን ነጥብ ሰጠ፤ ሁልጊዜ «ውሃ» እያለ የሚሰድበውን አንደኛ አወጣው። ሳቅን። የቤቱ እናት ሳቁን ሰምተው ከጓዳ ብቅ አሉና በአምስተኛው ብርጭቆ ጠላ ቀድተው ሰጡን። «ይህንንስ?» አሉ። ሦስታችንም አልተከራከርንም። ጠላው ከሳቸው ጋን አልነበረም፤ ከማን ቤት እንደመጣ ግን ከጭሱ ብቻ አወቅን፤ ሁለት ቤት አልፎ ያሉት ጎረቤት የጠመቁት ነው።

እስቲ እንግዲህ ያንን ብርጭቆ በአሜሪካኖቹ ቅጽ እንመዝነው። ጭስ? በላገር ጉድለት ነው፤ ነጥብ ይቀነሳል። ኮምጠጥ ማለት? ጉድለት ነው። ድፍርስነት? ከሦስቷ የመልክ ነጥብ ላይ ይቀነስ። የወሎ ጠጪ «ማለፊያ» የሚለው ጠላ በዚህ ሒሳብ ይወድቃል። ጥፋቱ የቅጹ አይደለም፤ ለላገር የሚሰጠው መለኪያ የተሠራው ለላገር ነው። ለጭስ ቢራም ለኮምጣጣ ቢራም የየራሳቸው መደብ አላቸው፤ ጀርመኖች በጢስ የደረቀ ብቅል፣ ቤልጂጎች የሚኮመጥጥ ቢራ እየጠመቁ አስመዝግበዋል። ለጠላ መደቡን የሚጽፈው ግን እኛ ካልሆንን ማን ይሆናል?

ቃላቱ እኮ አሉ። ጌሾ የበዛበት፣ ብቅል ያነሰው፣ እንኩሮው ያረረ፣ ጭስ የጠጣ፣ ያልበሰለ፣ የከረመ፣ የቀጠነ፣ ራስ የሚመታ። እያንዳንዱ ቃል ጥፋቱ የትኛው ቀን፣ የትኛው ምጣድ ላይ እንደተሠራ ይናገራል። ይህንን የሚያውቁት ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ልጆቻቸውን በጠላ ያሳደጉ። ማስታወቂያቸው በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ ነበረች። ለቢራ ደግሞ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዓት ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ እስኪያስቆመው ድረስ። ማስታወቂያው ከአየር ላይ ቢወርድም ሥራውን አስቀድሞ ጨርሷል፤ ወጣቱ የቢራውን ስም በቃሉ ያውቃል፣ ጉሽና ቅራሪን ግን አይለይም። ሴት ልጅም ከእናቷ ጎን ቆማ እንኩሮ ማመስ ትታለች። ለምን ትመስ? ጢሱ ዓይን ያጠፋል፣ ትርፉ ትንሽ ነው፣ «የጠላ ሻጭ ልጅ» መባልም አለ። በዚህ እሷን የሚወቅስ ሰው ራሱ ምጣዱ ሥር ይቀመጥ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። አንድ ተማሪ ደብተር ይዞ ከሰኞ ገበያ እስከ ቃሉ ሃያ ጓዳ ቢዞር፣ ሃያ እናቶች ጎን ቁጭ ብሎ «እማዬ፣ ይሄኛው ምን ሆነ?» እያለ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ጣሳውን ይዘው መጀመሪያ እሳቸው ቀመስ ያደርጋሉ፤ ቀጥሎም ይነግሩታል።