ልጅቷ ትመላለስ ወይስ መሥሪያ ቤቶቹ ይምጡ?

በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ብዙውን ጊዜ አንድ ምስክር ብቻ አለው፤ እሱም ተጎጂው ልጅ ነው። በአካል ላይ ምልክት ላይገኝ ይችላል። ጥቃት አድራሹም አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷ የምታውቀው፣ ቤተሰቡም የሚያምነው ሰው ነው። ስለዚህ ክሱ የሚቆመውም የሚወድቀውም በልጅቷ ቃል ነው። ያንን ቃል ሳይበላሽ ፍርድ ቤት ማድረስ ግን ዓለም ገና በቅርቡ መማር የጀመረው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ሄንሪ ኬምፕ ከባልደረቦቹ ጋር ስለተደበደቡ ልጆች ያወጣው ጽሑፍ የሕክምናውን ዓለም አስደነገጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአሜሪካ ግዛቶች በሙሉ በሕፃናት ላይ የሚደርስን ጥቃት ማሳወቅን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ አወጡ። ጥቆማው ጎረፈ፤ ተቀባዩ ግን አልተዘጋጀም ነበር። ልጅቷ ለመምህሯ የነገረችውን ለፖሊስ፣ ከዚያ ለማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ በመጨረሻም ተከሳሹ ፊት ቆማ ለችሎት ትደግማለች። በተደጋገመ ቁጥር ቃሉ ይለዋወጣል፤ ተከላካይ ጠበቃውም ልዩነቱን እየለቀመ ያጣጥለዋል። አንዳንዷ ደግሞ ይታክታትና ዝም ትላለች።

በአላባማ ግዛት፣ በሀንትስቪል ከተማ፣ በድ ክሬመር የተባለ ዐቃቤ ሕግ ይህንን መመላለስ ለማስቀረት ተነሣ። በ1985 ፖሊስ ጣቢያ የማይመስል፣ ለልጆች የተዘጋጀ ማዕከል ተከፈተ። ልጅቷ አንድ ቦታ ትቀመጣለች፤ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ሐኪሙና ማኅበራዊ ሠራተኛው ወደ እሷ ይመጣሉ። አንድ የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ መዝገቡን አብረው ይገመግማሉ። ዛሬ በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ማዕከላት ከ900 በላይ ናቸው።

ነገር ግን ተሰብስቦ መሥራት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ አጠያየቁም ወሳኝ ነው። በካሊፎርኒያ በማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ጉዳይ ጠያቂዎቹ መልሱን ለልጆቹ እያጎረሱ ጠየቁ። በ1983 የተጀመረው ጉዳይ በ1990 አንድም ሰው ጥፋተኛ ሳይባል ተዘጋ።

በእንግሊዝ፣ በክሊቭላንድ፣ በ1987 የሆነው ደግሞ የመሥሪያ ቤቶች መለያየት ምን እንደሚያስከትል አሳየ። በጥቂት ወራት ውስጥ 121 ልጆች ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል ተባለ፤ ብዙዎቹም ከወላጆቻቸው ተነጠሉ። የሆስፒታሉ ሐኪሞችና ማኅበራዊ ሠራተኞች በአንድ ወገን፣ ፖሊስ በሌላ ወገን ቆመው ተሟገቱ። አብዛኞቹ ልጆች በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዳኛ ኤልሳቤጥ በትለር ስሎስ የተመራው አጣሪ ቡድን በ1988 ባወጣው ሪፖርት የመሥሪያ ቤቶቹን አለመናበብ ነቀፈ፤ ልጆችን ደጋግሞ መመርመርና መጠየቅም እንዲቀር አሳሰበ።

አይስላንድ ከአሜሪካው ልምድ ተነሥታ በ1998 "ባርናሁስ" ማለትም "የልጆች ቤት" የተባለውን ማዕከል ከፈተች። ልጁ ከአንድ የሠለጠነ ባለሙያ ጋር ያወራል። በሌላ ክፍል ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና የተከሳሹ ጠበቃ በስክሪን ይከታተላሉ፤ ጥያቄ ካላቸውም በባለሙያው በኩል ያስጠይቃሉ። የተቀዳው ቃል ማስረጃ ስለሚሆን ልጁ ችሎት መቆም አይጠበቅበትም። የተከሳሹም የመከላከል መብት አይጣስም።

ደቡብ አፍሪካ በ2000 የጀመረቻቸው የ"ቱቱዜላ" ማዕከላት ይህንኑ ሐሳብ ለአዋቂ ተጎጂዎችም አደረሱ። ቃሉ በኮሳ ቋንቋ ማጽናናት ማለት ነው። በዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የሚመሩት እነዚህ ማዕከላት በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ይገኛሉ። ተጎጂዋ እዚያው ትመረመራለች፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ትጀምራለች፣ ገላዋን ታጥባ ንጹሕ ልብስ ትቀይራለች፣ ቃሏንም ትሰጣለች።

የአዲስ አበባው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንድ መስኮት ማዕከል የተቋቋመው ከዚሁ የደቡብ አፍሪካ ልምድ ተቀስሞ ነው። በክልሎችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተከፍተዋል። ለሕፃናት ምቹ በሆኑት ችሎቶች ልጁ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ይመሰክራል። ማዕከሉ በማይደርስበት ወረዳ ግን ልጅቷ ዛሬም ከፖሊስ ጣቢያ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። እሷ ስትመላለስ ሽማግሌ መሐል ገብቶ ጉዳዩን "በእርቅ" የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

ከሀንትስቪል እስከ ጋንዲ ሆስፒታል ያለው ታሪክ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ክፍል አድሶ አሻንጉሊት መደርደር፣ ካሜራ መግጠም ቀላል ነው። ከባዱ ፖሊሱ "ምርመራው የእኔ ነው"፣ ሐኪሙ "ታካሚዋ የእኔ ናት"፣ ዐቃቤ ሕጉ "መዝገቡ የእኔ ነው" ማለቱን ትቶ ሥልጣኑን መጋራቱ ነው። መሥሪያ ቤቶቹ ይህንን እምቢ ሲሉ ዋጋውን የምትከፍለው ያንኑ ቃል ለአምስተኛ ጊዜ እንድትደግም የምትጠየቀው ልጅ ናት።