የኢቫን ልጅነትና የአፈሳው ዘመን ልጆች

በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ተኩስና የፈንጂ አያያዝ ይማሩ ነበር። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሁለት ወር ገደማ እንደሄደ ከአገራቸው ጥሪ መጥቶ ተመለሱ። ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የሠላሳ ዓመቱ ሶቪየታዊ አንድሬይ ታርኮቭስኪ «የኢቫን ልጅነት» በተባለው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ የወርቅ አንበሳ ሽልማትን ከጣሊያናዊው ቫሌሪዮ ዙርሊኒ ጋር ተጋራ። ሁለቱን ጉዳዮች ከወቅቱ በቀር የሚያገናኛቸው የለም። ማንዴላ ግን ጠመንጃ የጨበጡት በአርባዎቹ ዕድሜ፣ አስበውበትና ወድደው ነው። ኢቫን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ቤተሰቡን ጀርመኖች ከጨረሱበት በኋላ ወንዝና ረግረግ እያቋረጠ ለቀይ ጦር ይሰልላል።

ፊልሙ መጀመሪያ የሌላ ዳይሬክተር ነበር። ሥራው ሳያስደስት ቀረና የሶቪየቱ ስቱዲዮ ሞስፊልም ለታርኮቭስኪ የተረፈውን በጀት ሰጥቶ እንደ አዲስ አሠራው። ታርኮቭስኪ በቭላድሚር ቦጎሞሎቭ ልብ ወለድ ውስጥ ያልነበረውን ሕልም ጨመረበት፦ እናት፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ዝናብ የሚመታው ፖም የጫነ መኪና። ኢቫን ልጅ የሚሆነው ሲተኛ ብቻ ነው። ሲነቃ መኮንኖችን የሚያዝ፣ ለበቀል የሚኖር ትንሽ ሽማግሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የኤሌም ክሊሞቭ «ና እና እይ» ደግሞ ሕልሙንም ነጠቀ። ከአሸዋ ውስጥ ጠመንጃ ቆፍሮ በደስታ የዘመተው የቤላሩሱ ፍሎርያ ፊቱ እያየነው ያረጃል። ናዚዎች በቤላሩስ ከነነዋሪዎቻቸው ያቃጠሏቸው መንደሮች 628 መሆናቸውን ፊልሙ መጨረሻ ላይ ይነግረናል።

ያ ፊልም ሲወጣ የሞስኮ ወዳጅ የነበረው ደርግ ብሔራዊ ውትድርናን ካወጀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አዋጁ የሚጠራው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ነበር። ወጣቶችን በግድ ለውትድርና የሚለቅመው አፈሳ ግን የልደት ወረቀት አይጠይቅም፤ ቁመት ካለህ ትታፈሳለህ። በኮልፌም በሌላውም ሰፈር ገበያ የተላከ ልጅ ሳይመለስ ሲመሽ እናት ነጠላዋን አጣፍታ በየቀበሌው ትዞራለች። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ወርደዋል።

ሲኒማችን ይህን እንዴት አየው? የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (እ.ኤ.አ. 2015) ካን የፊልም ፌስቲቫል ድረስ የሄደ የልጅ ታሪክ ነው፤ የኤፍሬምን እናት የወሰደበት ግን ረሃብ እንጂ ጦርነት አይደለም። ቀረብ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ከጀርመን የተመለሰው አንበርብር፣ አፈሳ ሸሽተው ዋሻ የገቡ የጎንደር ልጆችን ያገኛል። ፊልሙ ታላቅ ነው፤ ደጋግሜ የማየውም እሱን ነው። በ«ጤዛ»ም ልጅነት በሕልም ይመጣል። ሕልሙ ግን የተማረው ጎልማሳ የአንበርብር ነው። የዋሻው ልጆች ምን ያልሙ እንደነበር አናውቅም፤ ካሜራው ከእነሱ ጋር አላደረም።

በዚያ ዘመን ታፍሰው የተረፉት ዛሬ ሃምሳን አልፈዋል፤ በየሰፈራችን አሉ። የፊልም ጽሑፍ የምትጽፉ ወጣቶች፣ ስክሪፕት ከመክፈታችሁ በፊት ከእነሱ ጋር ተቀመጡ። በስንት ዓመታቸው እንደታፈሱ፣ ያን ቀን ወዴት ሲሄዱ እንደነበር ጠይቋቸው።