በቤት ኮምፒዩተሮች መካከል የሚደረግ የሪሞት ዴስክቶፕ ግንኙነት እምቢ ሲል፦ ምክንያቶቹና መፍትሔዎቹ

በርካታ የመንግሥት አገልግሎቶች በኦንላይን መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ ለአገልግሎት የሚጠየቁ ሰነዶች በቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጠው መገኘታቸው የተለመደ ሆኗል። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ ስካን ተደርገው አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡና፣ ባለቤታቸው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ በሄደበት ወቅት የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ይደርሳል። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው አሠራር የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ሩቅ ባለ ሌላ ኮምፒዩተር፣ ፊት ለፊቱ እንደተቀመጡ ሆኖ ለመሥራት ያስችላል።

ግንኙነቱ እምቢ ሲል ግን አብዛኛው ተጠቃሚ ያገኘውን ቅንብር ሁሉ ይነካካል፤ ሲሰለቸውም ፋየርዎሉን አጥፍቶ ወይም ራውተሩን ለመላው ኢንተርኔት ከፍቶ ይገላገላል። ግንኙነቱ ተሳካ፤ ሰነዶቹ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለማያውቁት ሰው ተጋለጡ ማለት ነው። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ተገልጋዮች ችግሩን ከቅርቡ ወደ ሩቁ እየፈተሹ፣ የኮምፒዩተራቸውን ጥበቃ ሳያነሱ እንዲፈቱት ለማገዝ ነው። ማብራሪያው በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለአገላለጽ እንዲያመች እንደ ስልክ ጥሪ ሁሉ ግንኙነቱን የሚጀምረውን ኮምፒዩተር “ደዋይ”፣ የሚደረስበትን ደግሞ “ተቀባይ” እንለዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የዊንዶውሱ እትም

“ሆም” የተባለው የዊንዶውስ እትም መደወል እንጂ መቀበል አይችልም። ተቀባዩ ኮምፒዩተር “ሆም” ከሆነ ቀሪውን ሁሉ መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው። ለማወቅ በተቀባዩ ኮምፒዩተር ላይ “ሴቲንግስ”፣ ቀጥሎ “ሲስተም”፣ ከዚያም “አባውት” የሚለውን ይክፈቱ፤ እትሙ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። “ፕሮ” ከሆነ በዚያው “ሲስተም” ሥር “ሪሞት ዴስክቶፕ” የሚለው መብራቱን ያረጋግጡ፤ ዊንዶውስ ሲጫን ይህ አገልግሎት ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

“ሆም” የሆነውን እንዲቀበል ያደርጋሉ የሚባሉ ፋይሎች በየቦታው ይገኛሉ። የዊንዶውስን የውስጥ አሠራር የሚቀይሩና ምንጫቸው የማይታወቅ በመሆናቸው መጫን አይመከርም። ወደ “ፕሮ” ለማሳደግ ፈቃድ መግዛት ይቻላል፤ ካልሆነም በ“ሆም” ላይ ያለ ችግር የሚሠራውን፣ ከታች የምንመለስበትን “ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ” መጠቀም ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ በቅድሚያ መታወቅ አለበት። በዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ሲገቡ በተቀባዩ ፊት የተቀመጠው ሰው ስክሪን ይቆለፋል። አባትዎን ወይም እናትዎን ፎርም ሲሞሉ አብረው እያዩ ማገዝ ከፈለጉ ይህ መንገድ አይሆንም፤ ለዚያ የተሠራው በዊንዶውስ ላይ የሚገኘው “ኩዊክ አሲስት” ነው።

መልእክቱ ምን ይላል?

ኮምፒዩተሩ የሚያወጣውን የስሕተት መልእክት ሳያነቡ መዝጋት የተለመደ ልማድ ቢሆንም፣ ግማሹ መልስ የሚገኘው እዚያው ላይ ነው። ደዋዩ ተቀባዩን “ማግኘት አልቻልኩም” ካለ ችግሩ ከስም ወይም ከአድራሻ ጋር የተያያዘ ነው። “መገናኘት አልተቻለም” ብሎ አገልግሎቱ አለመብራቱን፣ ኮምፒዩተሩ መጥፋቱን ወይም በኔትወርኩ ላይ አለመኖሩን በአማራጭነት ከዘረዘረ፣ መንገዱ የሆነ ቦታ ላይ ተዘግቷል። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከጠየቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ራውተርና ፋየርዎል መነካካት አያስፈልግም።

ሁለቱም ኮምፒዩተሮች አንድ ቤት ውስጥ ሳሉ

ከሩቅ ከመሞከር በፊት እዚያው ቤት ውስጥ፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሞከር ተገቢ ነው። ቤት ውስጥ ያልሠራ ከሌላ ከተማ አይሠራም።

ተቀባዩ ኮምፒዩተር ከተኛ አይመልስም። በ“ፓወር” ቅንብር ውስጥ፣ ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ ላይ እንደተሰካ እንዳይተኛ ማድረግ ይቻላል፤ ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋም እንዲሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ በራሱ አይነሳም። በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች “ባዮስ” ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲመለስ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ ስላለ፣ ለረጅም ጊዜ ከቤት የሚርቅ ሰው ከመሄዱ በፊት ይህን ቢያስተካክል ጎረቤት ከማስቸገር ይድናል።

የመብራት መጥፋት የሚያመጣው ሁለተኛው ጣጣ ብዙም አይስተዋልም። ራውተሩ ለቤቱ ኮምፒዩተሮች፣ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች የውስጥ አድራሻ ያድላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ትናንት ለኮምፒዩተሩ የተሰጠው ቁጥር ዛሬ ለስልክ ሊሰጥ ይችላል። ደዋዩ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይደውላል፤ መልስ የለም። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ “ትናንት ይሠራ ነበር” የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በራውተሩ ገጽ ገብቶ ለተቀባዩ ቋሚ ቁጥር ማስያዝ ነው። በቁጥሩ ፈንታ በ“አባውት” ገጽ ላይ የሚታየውን የኮምፒዩተሩን ስም መጠቀምም ይቻላል።

ሁለቱም ኮምፒዩተሮች በአንድ ራውተር ላይ ሆነው የማይተያዩበት ጊዜም አለ። አንደኛው ለእንግዶች በተለየው የዋይፋይ ስም ገብቶ ከሆነ፣ ራውተሩ ሆን ብሎ ከሌሎቹ ይለየዋል። በዊንዶውስ ውስጥ የቤቱ ኔትወርክ “ፐብሊክ” ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነም ኮምፒዩተሩ ካፌ ውስጥ እንዳለ ያህል ራሱን ይሰውራል፤ የራስዎ ቤት ከሆነ ወደ “ፕራይቬት” ይቀይሩት። ፋየርዎሉን በተመለከተ፣ ለሙከራ እንኳ ቢሆን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም። እንዲያልፉ ከተፈቀደላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ “ሪሞት ዴስክቶፕ” በ“ፕራይቬት” ሥር ምልክት የተደረገበት መሆኑን ማየት በቂ ነው። የራሱ ፋየርዎል ያለው ጸረ ቫይረስ ከተጫነ ግን የዊንዶውሱ መፍቀድ ብቻውን ዋጋ የለውምና፣ ያኛውም ላይ መፈቀድ አለበት።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ “ስሕተት ነው” ሲል

በየቀኑ ኮምፒዩተሩን የሚከፍቱበት አጭሩ የቁጥር ኮድ፣ ማለትም “ፒን”፣ ለሪሞት ዴስክቶፕ አይሠራም። የሚጠየቀው የአካውንቱ የይለፍ ቃል ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የሚገቡ ከሆነ የተጠቃሚው ስም ሙሉው የኢሜይል አድራሻ ሲሆን፣ የይለፍ ቃሉም የዚያው አካውንት ነው። ኮምፒዩተሩ ከተገዛ ጀምሮ በፒን ብቻ ሲገቡ የቆዩ ከሆነ ትክክለኛው የይለፍ ቃልም ላይሠራ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃሉን ፈጽሞ አያውቀውምና። በዚህ ጊዜ በተቀባዩ ላይ፣ በ“ሳይን ኢን ኦፕሽንስ” ውስጥ “ዊንዶውስ ሄሎ” ብቻ እንዲፈቀድ የሚያደርገውን ምርጫ አጥፍቶ፣ ወጥቶ፣ አንድ ጊዜ በይለፍ ቃሉ መግባት ያስፈልጋል።

የይለፍ ቃል የሌለው አካውንት በርቀት አይገባም። ይህ ብልሽት ሳይሆን ዊንዶውስ ሆን ብሎ ያስቀመጠው ክልከላ ስለሆነ፣ ክልከላውን ማንሳት ሳይሆን የይለፍ ቃል ማውጣት ነው የሚገባው። ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ እንዳለ የይለፍ ቃል መጻፍም የሚያጋጥም ነውና፣ ፊደሉ በነጥብ ተሸፍኖ ስለማይታይ አስቀድሞ ማየት ይበጃል። ደጋግሞ መሞከር አይረዳም፤ በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ኮምፒዩተሮች ላይ 10 ጊዜ የተሳሳተ አካውንት ለ10 ደቂቃ ይቆለፋል።

ሰዓትና ቀን

በደዋዩና በተቀባዩ መካከል የሰዓት ወይም የቀን ልዩነት አለ የሚል መልእክት ከመጣ፣ መልእክቱን ቃል በቃል ይመኑት። የቆየ ኮምፒዩተር የውስጥ ባትሪው ሲያልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ሰዓቱን በእጅ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የቀየረ ሰውም ኮምፒዩተሩን 6 ሰዓት፣ ዓመቱንም ከቀየረ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባን በያዘው ላይ አድርጎ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል መተው ነው።

ከቤት ውጭ ሲሆኑ

ቤት ውስጥ የሠራው ግንኙነት ከውጭ እምቢ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በ192.168 የሚጀምረው ቁጥር ከቤቱ ውጭ ትርጉም የለውም፤ የአንድ ሕንጻ የቢሮ ቁጥር ሕንጻውን ለማያውቅ ሰው ምንም እንደማይነግር ሁሉ። ከዚህም በላይ በሞባይል ዳታና በአንዳንድ የቤት መስመሮች ላይ ብዙ ደንበኞች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይጋራሉ። በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ በ10፣ በ192.168 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ የተጋራ አድራሻ ላይ ነዎት፤ ከውጭ ቀጥታ መደወል አይቻልም። የመስመርዎን ሁኔታ ለማወቅ አገልግሎት ሰጪዎን መጠየቅ ይቻላል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ይደውላሉ።

የራሱ አድራሻ ያለው መስመር ላይ በራውተሩ 3389 የተባለውን ፖርት ከፍቶ ወደ ተቀባዩ ማስተላለፍ ይቻላል። ይሠራል፤ ነገር ግን እንዳያደርጉት አጥብቀን እንመክራለን። የሪሞት ዴስክቶፕ መደበኛ ፖርት መሆኑን መላው ዓለም ስለሚያውቀው፣ ክፍት በር የሚፈልጉና የይለፍ ቃል የሚገምቱ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት ያንኳኩታል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ይፋ ያደረገውና “ብሉኪፕ” የተባለው ክፍተት ዊንዶውስ 7ን ጨምሮ በቆዩ እትሞች ላይ ያለ ምንም የይለፍ ቃል በዚሁ አገልግሎት በኩል መግባት የሚያስችል ነበር። ዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፉ በጥር 2012 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒዩተር ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ መተው የለበትም።

በሩን ሳይከፍቱ ከውጭ ለመድረስ ሁለት መንገዶች አሉ። ቀላሉ “ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ” ነው፤ ሁለቱም ኮምፒዩተሮች ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚገናኙ የተጋራ አድራሻ አያግደውም፣ በራውተሩ ላይም የሚቀየር ነገር የለም። የጉግል አካውንትና ቢያንስ 6 አኃዝ ያለው ፒን ይጠይቃል፤ ሁሉ ነገር በአካውንቱ ላይ ስለሚንጠለጠል አካውንቱን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መጠበቅ ግድ ነው። ሁለተኛው እንደ “ቴይልስኬል” ባለ ቪፒኤን ሁለቱን ኮምፒዩተሮች አንድ ቤት ውስጥ እንዳሉ አድርጎ ማገናኘትና የተለመደውን ሪሞት ዴስክቶፕ በዚያ ውስጥ መጠቀም ነው። የቪፒኤኑ አዘገጃጀት ጥቂት ትዕግሥት ይፈልጋል።

እርስዎ ያልጠሩት “ረዳት” ሲደውል

ከባንክ፣ ከቴሌኮም ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ ብሎ የሚደውልና የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንዲጭኑ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ኮድም እንዲነግሩት የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎ ስልኩን ይዝጉ። ኮዱን መንገር የቤት ቁልፍ መስጠት ነው። አስቀድመው ሰጥተው ከሆነ ኮምፒዩተሩን ወዲያውኑ ከኢንተርኔት ይለያዩት፤ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃሎችን ከሌላ መሣሪያ ይቀይሩ፤ ለባንክዎም በዚያው ዕለት ያሳውቁ። የተጫነውን ፕሮግራም ማጥፋት ከዚህ በኋላ የሚደርስ ነው።

በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ በላይ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባት ወንጀል ነው። የተፈጸመበት ሰው ለፖሊስ ሲያመለክት የደዋዩን ስልክ ቁጥር፣ የተደወለበትን ሰዓትና በስክሪኑ ላይ የታየውን ፎቶ አንስቶ ቢይዝ ምርመራውን ያግዛል። ድንጋጌው የዘመድን ኮምፒዩተርም ይመለከታል፤ ባለፈው ወር ፎርም ለመሙላት የተሰጠ ፈቃድ ዛሬ ሌላ ፎልደር ለመክፈት አያገለግልም።