ስኳር በጅማት ላይ የተወው ምልክት

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሜዳ ይሰለፋሉ። የፈረስን ዕድሜ በጥርሱ መገመት የቆየ ልማድ ነው፤ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ግን ሌላ ምልክት በጅማቱ ውስጥ አግኝተዋል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ስኳርና አሚኖ አሲድ አብሮ ቢያሞቅ ድብልቁ ጠቆረ። የዳቦ ቅርፊት የሚቀላውም በዚሁ ነው። ነገሩ ከስኳር በሽታ ጋር ሳይዛመድ እንደማይቀር ማያር ጠርጥሮ ነበር፤ ማስረጃው ግን ከ50 ዓመት በላይ ዘገየ። በ1968 ኢራናዊው ሳሙኤል ራህባር በሕሙማን ደም ውስጥ ስኳር የተጣበቀበትን ሄሞግሎቢን ለየ፤ ዛሬ ሐኪሞች የ2 እና የ3 ወር የስኳር መጠን የሚያነቡት ከዚሁ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ስለሆነ ከዚያ ያለፈውን አይመሰክርም።

የጅማት ፕሮቲን፣ ማለት ኮላጅን፣ ለብዙ ዓመት ስለሚቆይ ጉዳቱን ያከማቻል። በ1989 ሴልና ሞኒየ ከእንዲህ ያለ ፕሮቲን ፔንቶሲዲን የተባለውን ለዩ። ሥጋው በአሲድ ተቀቅሎ ይሟሟል፤ ፈሳሹ በዓምድ ውስጥ አልፎ ይለያያል፤ በማይታይ ብርሃን ሲመታም የሚመልሰውን ጭላንጭል መሣሪያ ይለካዋል። ያረጀ ፈረስ ጅማት ከወጣቱ ይልቅ ጭላንጭሉ ይበዛል።

ይህ ግን የሚለካው ከፈረሱ ጅማት ተቆርጦ ነው፤ ዳንግላ ገበያ የወረደ ገዢ እንግዲህ ጥርሱን ማየቱን አይተውም።