የመንግሥት እርዳታ ከገበሬው ደጃፍ እንዴት ደረሰ?

በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ የቀረ እርዳታ ገበሬውን አይጠቅመውም። እኛ የዘንድሮ ተመራቂ ተማሪዎች ይህንኑ ለማስረዳት የአሜሪካን የእርሻ ታሪክ ምሳሌ አድርገን ለወላጆቻችን፤ ለመምህሮቻችንና ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ ካውንቲ የሚባለው የግዛት ክፍል የእኛን ወረዳ ይመስላል። በ1914 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መንግሥትና የእርሻ ኮሌጆች ወጪውን ተካፍለው በየካውንቲው የእርሻ መካሪ ማስቀመጥ ቻሉ። መካሪውም ስለ ዘርና ስለ ከብት አያያዝ ያስተምር ነበር። ነገር ግን አፈሩ ራሱ በጎርፍና በነፋስ እየተወሰደ ነበር።

ይህን አስቀድሞ ያስተዋለው ሂው ሐመንድ ቤኔት ነው። በሰሜን ካሮላይና በአንሰን ካውንቲ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነበር። ዝናም የመሬቱን ገጽ በስሱ እየላጠ ሲወስደው ባለቤቱ ጉዳቱን ቶሎ እንደማያየው ተረዳ። በ1928 ዓ.ም. የአፈር መሸርሸር የአገር አደጋ መሆኑን በመንግሥት ጽሑፍ አስታወቀ። በኋላም ሣሩ ተገልብጦ በታረሰው ሜዳ ላይ ድርቅ ወረደ። ሚያዝያ (ኤፕሪል) 14 ቀን 1935 ዓ.ም. የአቧራ ማዕበል ቀኑን አጨለመው። በዚያው ወር በ27 ቀን የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ።

ሆኖም ከዋሽንግተን ሆኖ እያንዳንዱን ማሳ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ በ1937 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ገበሬዎች የአፈር ጥበቃ ማኅበር ማቋቋም የሚችሉበትን ሕግ እንዲያወጡ ለየክፍላተ ሀገሩ ገዥዎች ጻፉ። የመጀመሪያው፤ ብራውን ክሪክ የተባለው፤ በዚያው ዓመት በቤኔት የትውልድ ካውንቲ ተቋቋመ። ዛሬ ቁጥራቸው 3,000 ያህል ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው። ገበሬው በካውንቲው ከተማ ወዳለው የእርሻ ሚኒስቴር ቢሮ ሄዶ እርሻውን ያስመዘግባል። ባለሙያው መጥቶ ማሳውን አብሮት ይዞራል፤ አግድም ማረስን፤ እርከንንና የሣር መስመርን የሚያሳይ ዕቅድ ያወጣለታል። ማመልከቻው ከተፈቀደ መንግሥት ከወጪው ይካፈላል። በ1985 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ደግሞ የሚሸረሸር መሬቱን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሣር ወይም በዛፍ ለማልበስ የተዋዋለ ገበሬ የዓመት ኪራይ ይከፈለዋል።

ቢሮው መቅረቡ ብቻ ግን ፍትሕን አያመጣም። ብዙ ጥቁር ገበሬዎች በየካውንቲው ብድር እየተከለከሉና እየዘገየባቸው መሬታቸውን አጡ። በ1997 ዓ.ም. ሚኒስቴሩን ከሰሱ፤ በ1999 ዓ.ም. ካሣ የሚያስገኝ ስምምነት ጸደቀ።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ያ አቧራ ከመታቸው ክፍላተ ሀገር አንዷ የሆነችው ኦክላሆማ በእርሻ ኮሌጅዋ አማካይነት የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ በማቋቋም ረድታናለች። እንግዲህ ነገ ከመካከላችን በገጠር ቢሮ የሚቀመጥ ቢኖር፤ በሩን ለሁሉም እኩል ይክፈት፤ ከወንበሩም ተነሥቶ ማሳውን ከባለቤቱ ጋር ይዙር።