ከውሃ ቧንቧ የተሠራው ጠመንጃ

ታሪክ ምስክሮቹን የሚያገኘው ከመጻሕፍትና ከአዋጆች ብቻ አይደለም። የሰው እጅ የሠራው ዕቃ አንደበት ባይኖረውም፣ አስተውሎ የሚጠይቀው ካገኘ ብዙ ይናገራል። በለንደን ከተማ በሚገኘው የብሪታንያ የጦርነት ቤተ መዘክር ከኬንያ የመጡ፣ የማውማው ታጋዮች የሠሯቸው ጠመንጃዎች ተቀምጠዋል። እነዚህን ጠመንጃ ብሎ ለመጥራት ዓይን ይጠራጠራል፤ አፈሙዛቸው የውሃ ቧንቧ፣ ሰደፋቸው በእጅ የተጠረበ እንጨት፣ መቺያቸው የበር መቀርቀሪያ ነውና። ነገር ግን እነማን፣ የት፣ ስለ ምንስ እንደ ሠሯቸው መመርመር የአንድን ሕዝብ ትግል ከሥሩ ማወቅ ነው።

ናይሮቢ በ1891 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚዘረጋው ምድር ባቡር ሠፈር ሆና የተቈረቈረች ከተማ ናት። በአካባቢዋ ያለውን ለም ደጋ ነጮች ሰፋሪዎች በያዙት ጊዜ፣ መሬቱን ያጣው የኪኩዩ ገበሬ ልጅ ወደ ከተማዪቱ እየገባ በባቡሩ የጥገና ቤት፣ በጋራዥ፣ በአናጢዎችና በቧንቧ ሠራተኞች ዘንድ ተቀጠረ። ማታ ወደ ፑምዋኒና ወደ ሻውሪ ሞዮ ሠፈሮች ሲመለስ ከደመወዙ የሚተርፈው ጥቂት ነበር፤ ብረት መቍረጥን፣ መሞረድንና መግጠምን ግን ተምሮ ነበር። ይህ ዕውቀት ገዥዎቹ ለጥቅማቸው ሲሉ ያስተማሩት ነው፤ ኋላ ግን በእነሱ ላይ ተነሣ።

ሌላው ትምህርት ቤት የጦር ሜዳ ነበረ። ከኬንያ ተነሥቶ በመጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የብሪታንያ ጦር ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩበት። ብዙዎችም ኋላ በበርማ ዱር ተዋግተዋል። ከነዚህ አንዱ ዋሩሂዩ ኢቶቴ ነው። ይህ ሰው ከጦርነቱ ተመልሶ በምድር ባቡር እሳት አንዳጅነት ሠራ፤ ከዚያም በኬንያ ተራራ ጫካ ጄኔራል ቻይና በተባለ ስም የታጋዮች አዛዥ ሆነ። ለሌላው ሕዝብ ነጻነት የተዋጋው ወታደር በአገሩ ግን መሬትም ድምፅም አላገኘም።

በጥቅምት 10 ቀን 1945 ዓ.ም. አገረ ገዥው ኤቭሊን ባሪንግ በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዐወጀ። ታጋዮቹም ወደ አበርዴርና ወደ ኬንያ ተራራ ጫካዎች ገቡ። የብዙዎቹ መሣሪያ ቆንጨራ ነበረ። ፋብሪካ የሠራው ጠመንጃ በስርቆት ወይም በምርኮ ካልሆነ በቀር አይገኝም፤ ስለዚህ ባለ እጆቹ ወደ ሥራ ገቡ። ከአሮጌ ቤት የወለቀ ቧንቧ፣ ከበር የተነቀለ መቀርቀሪያ፣ ምስማር፣ ሞላ፣ ከመኪና ከመነዳሪ የተቀደደ ላስቲክ፣ እነዚህ ሁሉ ከተማዪቱ የጣለቻቸው ዕቃዎች ነበሩ፤ ተሰብስበውና ተገጣጥመው ግን ጠመንጃ ሆኑ። ናይሮቢም ለጫካው ገንዘብን፣ መድኀኒትን፣ ጥይትንና ሰውን በስውር ትልክ ነበር።

የመሣሪያውን ጥራት ማጋነን አይገባም። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጐርሳል። የፋብሪካ አፈሙዝ በውስጡ ጥምዝምዝ ቦይ ስላለው ጥይቱን እያሾረ በቀጥታ ይልከዋል፤ የውሃ ቧንቧ ግን ልሙጥ ስለ ሆነ ጥይቱ ዒላማውን ይስታል። ለባሩድ ኀይል ያልተሠራ በመሆኑም አንዳንድ ጊዜ በተኳሹ እጅ ላይ ይፈነዳ ነበር። ይህን እያወቀ የያዘው ታጋይ ከጠላቱ ጥይት በፊት የገዛ መሣሪያውን መድፈር ነበረበት።

ታዲያ ስለ ምን ተሠራ? መልሱ በመጋቢት 17 ቀን 1945 ዓ.ም. ሌሊት ይታያል። ጥቂት ጠመንጃ ብቻ የያዙ ታጋዮች የናይቫሻን ፖሊስ ጣቢያ ደፍረው 47 የጦር መሣሪያ ማረኩ፤ 173 እስረኞችንም ፈቱ። ደካማው መሣሪያ ወደ ብርቱው መሣሪያ መድረሻ መሰላል ነበረ። ሆኖም ታሪክን የሚያስተምር ሰው ግማሹን ብቻ መናገር አይገባውም። በዚያው ሌሊት በላሪ የቅኝ ገዥው ወገን በተባሉ ኪኩዩዎች ላይ ሌሎች ታጣቂዎች ወርደው ቤቶችን አቃጠሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ዐለቁ። በበቀሉም ደግሞ ብዙ ሰው ተገደለ።

መንግሥቱ የትግሉ ሥር በከተማዪቱ መኖሩን ስለ ተረዳ፣ ከሚያዝያ 16 ቀን 1946 ዓ.ም. ጀምሮ ናይሮቢን በወታደር ከብቦ ቤት ለቤት ፈተሸ፤ ከ20000 የሚበልጡ ሰዎችንም ወደ እስር ሠፈሮች አጋዘ። መሣሪያ ወይም ጥይት ይዞ መገኘት በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በዚያ ዘመን ከ1000 በላይ ሰዎች በስቅላት ተቀጥተዋል። ዴዳን ኪማቲ በጥቅምት 11 ቀን 1949 ዓ.ም. ቈስሎ ሲያዝ የተፈረደበት ሽጕጥና ጥይት ይዘሃል በሚል ክስ ነው፤ በየካቲት 11 ቀን 1949 ዓ.ም. በናይሮቢ በካሚቲ ወኅኒ ቤት ተሰቀለ። እንግዲህ አንድ ቧንቧ መሞረድ የሰው ነፍስ ዋጋ ነበረው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከጠላት አውሮፕላንና መትረየስ ፊት ከተሰለፉት መሣሪያዎች መካከል ከ60 ዓመት በፊት የወጣ የፈረንሳይ ሥሪት ውጅግራ ነበረበት። ሰደፉ የተሰነጠቀው በጠፍር ታስሮ፣ የጐደለው ብረት ከሌላው ተወስዶ ያገለግል ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን የአባት ጠመንጃ ያገኘ ሰው ጠፍሩን ፈትቶ፣ እንጨቱን ለውጦና ብረቱን ወልውሎ አዲስ ሊያስመስለው ይመኛል። ምኞቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ጠፍሩ ሲጣል የአሳሪው እጅ፣ የችግሩም ዘመን አብሮ ይጣላል። የናይሮቢው ቧንቧም በፋብሪካ አፈሙዝ ቢተካ ያማረ ጠመንጃ ይገኝ ይሆናል፤ የኬንያ ታሪክ ግን ከውስጡ ይወጣል። ለታሪክ ሲባል የሚደረግ እድሳት ዝገቱን ከመገደብ፣ የወለቀውን ወደ ቦታው ከመመለስ፣ ደርቆ የተሰነጠቀው ላስቲክ ቢተካም መተካቱን በጽሑፍ ከማመልከት ማለፍ የለበትም።

ኬንያ በታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላም ማውማው የተከለከለ ማኅበር ሆኖ ቈይቷል፤ ክልከላው የተነሣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 11 ቀን 1999 ዓ.ም. ኪማቲ በተሰቀለ በ50ኛው ዓመት፣ ጠመንጃ የያዘ ሐውልቱ በናይሮቢ በስሙ በተሰየመው መንገድ ላይ ቆመ። በመስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በኡሁሩ መናፈሻ ሌላ መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚህኛው አንዲት ሴት ለታጋዩ ስንቅ ታቀብለዋለች፣ ሁለቱም እንዳይተዋወቁ ፊታቸውን አዙረዋል። የቧንቧው ጠመንጃም ከእጅ ወደ እጅ ያለፈው እንዲህ ባለ ዝምታ ነበር፤ የሠሪዎቹም ስም አብዛኛው በዚያው ዝምታ ቀርቷል።

ስለዚህ መምህር የዚህን መሣሪያ ሥዕል በተማሪዎቹ ፊት ባኖረ ጊዜ በመጀመሪያ ስንት ሰው ገደለ ብሎ አይጠይቅ። ይህ ቧንቧ ቀድሞ የማንን ቤት ውሃ ያመላልስ ነበር? የሠራውስ ሰው መሞረድን ከማን ተማረ? መሬቱስ ወዴት ሄደ? ብሎ ይጠይቅ። ተማሪው መልሱን ሲፈልግ ምድር ባቡሩን፣ የመሬቱን ነጠቃ፣ ጦርነቱንና አዋጁን በየተራ ያገኛቸዋል።