የግራፍ ገለባ

በእንግሊዝኛው «ቻርትጀንክ» ይባላል። ቃሉን ያስተዋወቁት አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ምሁር ኤድዋርድ ተፍቲ ናቸው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. የቁጥር መረጃን በሥዕል ስለማሳየት ባሳተሙት መጽሐፍ። በግራፍ ላይ ቦታና ቀለም እየወሰደ አንዳች መረጃ የማይጨምረውን ሁሉ ይመለከታል። በአማርኛ «የግራፍ ገለባ» ብንለው ይስማማል፤ ተበጥሮ ሲወጣ ፍሬው አይጎድልምና።

ተፍቲ ሦስት ዓይነቱን ለይተዋል። አንደኛው ዓምዶችን የሚሞላውና ዐይን የሚያወዛግበው ጥቅጥቅ ያለ ሰያፍ መስመር ነው። ሁለተኛው ከመረጃው በላይ ደምቆ የሚታይ ወፍራም ፍርግርግ ነው። ሦስተኛውን «ዳክዬ» ብለውታል። ስያሜው የመጣው በ1931 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ አንድ ዳክዬ አርቢ በዳክዬ ቅርጽ ካሠራው ሱቅ ነው። ግራፉም እንደ ሱቁ ራሱ ጌጥ ሆኖ ሲቀር ዳክዬ ይሆናል።

አንዳንዱ ገለባ ከማሰልቸት አልፎ ያሳስታል። ወደ ኋላ ያዘነበለ ባለሦስት ገጽታ ክብ ግራፍ ከፊት ያለውን ቁራሽ ከልኩ አግዝፎ ያሳያል። ባለሦስት ገጽታ ዓምድ ደግሞ ከኋላው ያለውን ይጋርዳል፤ ጫፉ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳረፈም አያስታውቅም። መጣጥፍ የሚያነብ ሰው ተመልሶ ሊያስተውል ይችላል። ንግግር የሚያዳምጥ ግን ስላይዱ ከማለፉ በፊት፣ ጆሮውን ለተናጋሪው ሰጥቶ፣ በዐይኑ ግራፉን መረዳት አለበት። ፖስተር ፊት የቆመም ቢሆን ካልገባው ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ይሁንና ሥዕል ሁሉ ገለባ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. የካናዳው የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአነስተኛ ጥናት ተራ ግራፎችን ከሥዕላዊ ግራፎች ጋር አነጻጽረው ነበር። ተሳታፊዎቹ ሁለቱንም በእኩል ትክክለኛነት አነበቡ፤ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ግን ይበልጥ ያስታወሱት ሥዕላዊዎቹን ነው። ሥዕሎቹ ከግራፉ መልእክት ጋር የተያያዙ ነበሩ። ስለዚህ መለያው ማጌጡ ሳይሆን ለግኝቱ ማገልገሉ ነው።

አጠቃቀም፦ «ፖስተርሽ ላይ ያለው ግራፍ ገለባ በዝቶበታል፤ ጥላውንና ፍርግርጉን አንሺና ቁጥሩን ከየዓምዱ አናት ላይ ጻፊው።»